እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪና አይሰካም፦ አንድ ዓመት ከአራት ወር ከሲጋል ጋር

የቤንዚን መኪናዬን ቪትዜን ሸጬ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ስገባ ወሬው እሷው ናት። "ስንት ትሄዳለች? መብራት ሲጠፋስ? ዝናብ ላይ ኤሌክትሪክ አትይዝም?" በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምጣድ የሚችል መስመር ያለበት ግቢ አላችሁ?

አብሯት የመጣው ቻርጀር ወደ 2 ኪሎዋት ነው የሚስበው። የእንጀራ ምጣዳችን ከዚያ ይበልጣል። ግን ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይነቀላል፣ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። ይህን ሳላስብ በመጀመሪያው ሳምንት ከሳሎን ተራ ሶኬት በኤክስቴንሽን አወጣሁላት። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰን። ሶኬቱ ቀልጦ ጠቁሯል።

ኤሌክትሪሻን ጠራን። ከቆጣሪው ቀጥታ በወፍራም ሽቦ ለብቻዋ መስመር ዘረጋላት፣ ብሬከር አስገባ፣ ኧርዝም (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) ቀበረ። ኧርዙን እንዳትንቁ። የእኛ ቻርጀር ያለ እሱ ቀይ እያበራ እምቢ ይላል፤ እኔም ተበላሽቷል ብዬ ሻጩ ጋ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። አሁን ቤታችን ውስጥ ሕግ አለ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪና አይሰካም። ሁለቱ ከገጠሙ ዋናው ብሬከር ይወድቃል፣ የሚወቀሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምትኖር፣ እንዲህ መስመር የምትዘረጋበት ግቢ ለሌላት እህቴ ለጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ይቅርብሽ ብያታለሁ። ተቀይማኛለች።

መብራት መጥፋቱ እንደፈራሁት አልሆነም። ከሰሚት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ፣ ልጆች ማድረስ ተጨምሮ፣ በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር አላልፍም። የእኔዋ ትልቁ ባትሪ ያላት፣ የ38.88 ኪሎዋት ሰዓቷ ናት። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከሰካኋት ይበቃታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሷ ትቀጥላለች። በወር ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በላይ ትበላለች። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ስለሚል ካርድ ቶሎ ቶሎ መሙላት ጀምረናል። ቢሆንም ለቪትዟ ቤንዚን ከማወጣው ጋር አይገናኝም። ማደያ ሰልፍ ላይ የማጠፋውን ጊዜማ ተዉት።

ናዝሬት ደርሳ ትመለሳለች? ትመለሳለች። በፋሲካ ማግስት እናቴን ልንጠይቅ አራት ሆነን ወረድን። ባትሪዋ 100 ፐርሰንት ሞልታ ተነሳች፣ ስንደርስ 71 ላይ ነበረች። ባለቤቴ "ይህችማ ድሬዳዋም ትገባለች" አለ። ሲመለስ ዝም አለ። ናዝሬት ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስትወርዱ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘ ወደ ባትሪው መልሶ ይሞላል፤ ስትመለሱ ያንን ከፍታ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ኤሲ ከፍተን ፈጣን መንገዱን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንወጣው ሰሚት የገባነው 27 ፐርሰንት ላይ ነው። መውረጃው 29 ፐርሰንት፣ መውጫው 44። ስለዚህ የመሄጃውን በሁለት አባዝታችሁ አትነሱ። ወረቀቷ ላይ ያለው 405 ኪሎ ሜትር በቻይና መለኪያ ነው፤ እኔ 280 ብዬ ነው የማስበው።

ዳገትስ? እዚህ ላይ ቪትዜን አማኋት። የቤንዚን ሞተር በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እንጦጦን ስወጣ ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ጩኸት የለ። ጸጥታው ግን ጣጣ አለው፤ እግረኛውም አህያውም አይሰማትም።

ዝናብ ላይ ሰክቻት አውቃለሁ፣ ምንም አላለችም። የምፈራው የግድግዳውን ሶኬት ነው፤ ክዳን ያለው ግዙ።

የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም። ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም። ስኮርታም የለም! ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መቀመጫው አራት ብቻ ስለሆነ አማቴ ስትመጣ አንዳችን ራይድ እንጠራለን። የእኔዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች ስክሪኗ ቻይንኛ ነው። ትንሹ ልጄ ከእሷ ጋር ያወራል፤ ምን እንደሚባባሉ እንጃ። የቻርጅ መሰኪያዋም የቻይናው ዓይነት ነው። ውጭ ቻርጅ ለማድረግ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የትኛው መሰኪያ እንዳላቸው ጠይቁ።

ያናደደኝ መለዋወጫው ነው። ባጃጅ የግራ ስፖኪዮዬን ገጭቶ ሄደ። የሸጠልኝ ሰው "በሁለት ሳምንት ይገባል" አለኝ። ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስገዛ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳ የነበረ ስልክ አሁን ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። እስከዚያው ስፖኪዮው በጥቁር ፕላስተር ታስሮ ይዞራል። ጎማ ቤት ያለው ልጅ ነው ያሰረልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም።