ዋይፋዩን ሳታበሩ ላፕቶፕ እንዳትገዙ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዩዝድ ላፕቶፕ ልትገዙ ብር ቋጥራችሁ የተቀመጣችሁ፣ ይህችን አንብባችሁ ውጡ። እኔን ሦስት ሳምንትና በሐረጎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ቁልቁለት፣ አራት ምልልስ ፈጅቶብኛል።

ታናሽ እህቴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሁፏን በስልክ እየጻፈች ዓይኗ ሊጠፋ ደረሰ። «ደሴ ውጣ፣ እዚያ ምርጫ አለ» አሉኝ። ወጣሁ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም። ይህን ዘዴ የሚያውቀው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

ልጁ አፉ ማር ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው ወንድሜ፣ ንክች አላለውም። ዊንዶውስ 11፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ።» ፊልም ከፈተልኝ። ድምፁን ከፍ አደረገው። እኔም እንደሚገባው ሰው ገልብጬ ታቹን አየሁ። ምን እንዳየሁ አትጠይቁኝ። «እስኪ ኢንተርኔት ክፈትልኝ» ስለው «ዛሬ ኔትወርኩ ያስጠላል፣ አብሽር» አለኝ። እኔም አበሸርኩ። 27,500 ብር ቆጥሬ፣ በእጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ተቀብዬ ሐረጎን ወረድኩ።

ማታ እህቴ ከፈተችው። ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ደወልንለት። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ምንም ሳይጠይቃት «ዲቫይስ ማኔጀር ግቢ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቺ፣ ዋየርለስ የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢኔብል በይው» አላት። ዲቫይስ ማኔጀር የላፕቶፑ ክፍሎች የተዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ ነው፤ ኢኔብል ማለት ደግሞ የተዘጋውን ክፈት ማለት ነው። እንደ ዳዊት በቃሉ ነው የደገመላት። ያኔ «ጎበዝ ልጅ ነው» ብዬ አደነቅኩት።

ኢኔብል አለችው። ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኘችው። አንድ የትምህርት ቪዲዮ ከፈተች። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «ጋሼ፣ ና እይማ፣ ሰማያዊ ሆነብኝ» አለችኝ። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ። ላዩ ላይ ያዘነ ፊት፣ ሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይቅርታ፣ ከዚያ ፐርሰንት እየቆጠረ ጠፍቶ ተነሣ። ተነሥቶም ዋይፋዩን ሲይዝ እንደገና ሰማያዊ።

በማግስቱ ተሸክሜው ወጣሁ። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። 500 ብር። ዋራንቲውን ስጠይቀው «ዋራንቲ ሶፍትዌር አይነካም» አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዲት ፍላሽ ሰካ፣ ዊንዶውሱን ጫነ፣ ከዚያ ለሁሉም ላፕቶፕ የሚጭነውን የድራይቨር ጥቅል አንድ ላይ ለቀቀበት። እህቴ በአንድ ሌሊት የገለበጠችው ጽሁፍ አብሮ ሄደ። አሁንም ያንኑ ፊልም ከፍቶ አሳየኝ። «ይኸው፣ ቀጥ ብሎ ይሠራል።» ቤት ስንደርስ ሰማያዊ።

ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። እህቴንም ይዣት ሄድኩ። «ቦርዱ ነው፣ ዋናው ማዘርቦርድ፣ 7,000 ብር ይፈጃል» አለ። «ቦርድ እኮ ሃርድዌር ነው፣ ዋራንቲው የታለ?» ስለው «የ7 ቀን ነበር፣ አልፏል» አለኝ። በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ።

እውነቱን ለመናገር ልከፍል ነበር። እጄ ኪሴ ገብቷል። ያዳነችኝ እህቴ ናት። «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ሳልከፍት ሦስት ሰዓት ስጽፍ እኮ ምንም አይሆንም። ቦርዱ ከተበላሸ ኢንተርኔት ስነካ ብቻ ለምን ይታመማል?» አለችኝ። ሻጩ ዝም አለ። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተን ወጣን።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ አለ። እህቴ ሰማያዊውን ስክሪን በስልኳ አንሥታው ስለነበር ፎቶውን አሳየሁት። ከታች አካባቢ «ዋት ፌይልድ» የምትል መስመር አለች። ከእሷ ቀጥሎ በ«ኔት» የሚጀምር፣ በ«ሲስ» የሚያልቅ የፋይል ስም። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዋይፋዩ ድራይቨር ነው። ቦርድ ምን አገባው?»

ድራይቨር ማለት ቃሉ ራሱ ሾፌር ማለት ነው። ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን በቀጥታ አያናግረውም፤ በዚህች ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው የሚነዳው። ሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ወርድ፣ ሲሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል። ሐረጎን ስትወርዱ አንድ ተሳፋሪ ቢያስመልሰው መኪናው ጉዞውን ይቀጥላል። ሾፌሩ ካንቀላፋ ግን ሁላችሁም ገደል ናችሁ። ድራይቨር የሚሠራው በዊንዶውሱ መሐል አስኳል ውስጥ ስለሆነ የማይገባው ሜሞሪ ውስጥ እጁን ሲከት ዊንዶውስ ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ ሁሉንም ያቆማል። ያ ሰማያዊ ስክሪን ፍሬን ነው እንጂ በሽታው አይደለም። በነገራችን ላይ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ሰማያዊው ቀርቶ ጥቁር ሆኗል። ጥቁር ስታዩ «ስክሪኑ ሞተ» የሚላችሁ እንዳይኖር።

ልጁ ሌላም ነገር አሳየኝ። የፕሮሰሰሩ ስም ላይ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ6 ይጀምራል። ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሻጩ በጓሮ በር አስገብቶ ጭኖበታል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ «11 ነው» ማለት ዋጋ ያስወጣል። እንዲህ የተጫነበት ላፕቶፕ ሁሉ ይበላሻል ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ይሠራል። የእኛን ያሳመመው የማይገጥመው ድራይቨር ነው።

ፈውሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። መጀመሪያ ትክክለኛውን ድራይቨር ማውረድ ነበረብን፤ የድሮውን ካጠፋችሁ በኋላ ዋይፋይ የላችሁምና። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ አጋራ። በገመድ ሲሆን የዋይፋይ ድራይቨሩ አይነካም፣ ስለዚህ አልወደቀም። ላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን መለያ ቁጥር የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ለዚያ ሞዴል የተሠራውን አወረደ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ የነበረውን አንኢንስቶል አለው። እዚህ ጋ «ድራይቨሩንም አጥፋ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ካላደረጋችሁ ያው የተበላሸው ተመልሶ ይመጣል። ሪስታርት፣ አዲሱን መጫን፣ አለቀ።

የእናንተ ላፕቶፕ ገና ሲነሣ የሚወድቅ ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉት። ከሚመጡት ምርጫዎች ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ እያላችሁ ገብታችሁ እንደገና ሲነሣ 4 ቁጥርን ምረጡ። ያ ተራው ሴፍ ሞድ ነው፤ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሣል፣ ኔትወርክ አይጭንም። ድራይቨሩን እዚያ ሆናችሁ ታጠፋላችሁ። 5 ቁጥር ግን ኔትወርክ ስለሚጭን ሊጥላችሁ ይችላል። ችግሩ ከዝማኔ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ሳታጠፉ በፊት «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ሞክሩ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ሁሉም ውድቀት የዋይፋይ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትደመድሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወድቅ ፎቶ አንሡት። ሁልጊዜ ያው የፋይል ስም ከመጣ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። በየጊዜው የተለያየ ስም ከመጣ ራሙ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል መፈተሻ በነጻ አለ። ካርዱ ራሱ ከሞተ ደግሞ ካርድ ብቻ ይቀየራል፣ ወይም ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ይገዛል። ሁለቱም ከ7,000 ብሩ ቦርድ ጋር አይገናኙም።

ሱቅ ስትገቡ እንግዲህ ፊልሙን ተዉት። ፊልም ዋይፋይ አይፈልግም፤ ለዚህ ነው የሚከፍቱላችሁ። ዳታ ያለው ስልክ ይዛችሁ ሂዱና የራሳችሁን ሆትስፖት አብሩ። ኔትወርክ የለም ቢላችሁ ስልካችሁ ይመሰክራል። ዲቫይስ ማኔጀርን አስከፍታችሁ የዋየርለሱ ምልክት ላይ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ካለች ሆን ተብሎ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተዘጋ ጠይቁ። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ድራይቨሩ አልገጠመም። አስከፍታችሁ ቪዲዮ እያጫወታችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መሐል ላይ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ድራይቨሩ ደካማ ከሆነ ከእንቅልፍ ሲነቃ ሊወድቅ ይችላል። ሻጩ ቢነጫነጭ ቡና እዘዙለት።

ወረቀቱንም አትናቁ። እኔ ንግድ ጽሕፈት ቤት ልክሰስ ብዬ አስቤ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ግን የእኔ ወረቀት ላይ ያለው «ላፕቶፕ 1» እና ፊርማ ብቻ ነው። ሞዴል የለ፣ ሴሪያል ቁጥር የለ፣ ዋራንቲው ስንት ቀን እንደሆነ የለ። ይዤ ብሄድ ምን ብዬ ላስረዳ? እናንተ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሴሪያል ቁጥሩንና የዋራንቲውን ቀን አጽፉ። «ሶፍትዌርንም ይጨምራል» የምትለዋን ቃል አስገቡ።

አራተኛ ጊዜ የወጣሁት 500 ብሬን ልጠይቅ ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ በእሱ ፊት በስልኬ ሆትስፖት ቪዲዮ አጫወትኩለት። ዝም ብሎ አየው።

«ይኸው ይሠራል አይደል? ታዲያ ምን ፈለግክ?» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሌላ ላፕቶፕ ነበር። ያው ፊልም ተከፍቶበታል።