ለጥር ደጋሾች፦ ያቀመሷችሁ ሌላ፣ የሚጭኑላችሁ ሌላ

ሰርግ፣ መልስ ወይ ክርስትና ያለባችሁ፣ ጠጁንም ከሰፈር ጣይ ልታዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ቃሌ ከከረረ ታገሱኝ።

ደሴን የምታውቁ ሰዎች ዓይነታቸውን ታውቃላችሁ። ታፔላ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ሰው ለሰው እየነገረ ነው የሚደረሰው። በሩን ስታንኳኩ ነጠላ ያጣፉ እናት ይወጣሉ፣ ግቢው ወይራ ወይራ ይሸታል፣ ገና ሳትቀመጡ ብርሌ ይቀዳላችኋል። «ቅመስ ልጄ፣ ማሩ የላስታ ነው።» ቀምሳችሁ «በቃ አገኘሁ» ትላላችሁ፣ ቀብድ ትከፍላላችሁ።

ሀቁን ልናገር፣ የቀመስኩት ጠጅ ግሩም ነበር። ጥርት ብሏል። የማሩ ሽታ ከዋጡት በኋላ ነው የሚመጣው፣ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ጠጅ የሚገኘውም በትንሽ በትንሹ እቤታቸው ከሚጥሉት ዘንድ ነው፣ ይሄን አልክድም። ለእህቴ መልስ ጠጅ በጀሪካን አዘዝኩ፣ ለሙስሊም ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን ደግሞ ብርዝ። ወሎ ነው እንግዲህ። ድግስ ካለ ሁሉም ይጠራል፣ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ መጠጡም ለየብቻ ይቀርባል። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፣ ጌሾ አይገባበትም፣ ሳይቆይ ነው የሚጠጣው። የሚጠጣውም ሰው አስተናጋጁን አምኖ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋን (ያኔ «እርስዎ» ነበር የምላት፣ ዛሬ ግን ከአፌ አይወጣም) «የሚጠጡት ሐጂዎች ናቸው፣ አደራዎን» አልኳት።

«አብሽር ልጄ! ለስንት ሐጂ በርዤ አጠጥቻለሁ» አለችኝ።

መልሱ ኮምቦልቻ እኛ ቤት ነበር። ጀሪካኖቹ ከደሴ የሃረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲደርሱ ሆዳቸው ተነፍቷል። የመኪናው መንገጫገጭ ነው ተባለ፣ ታለፈ። ሰው ተቀመጠ፣ ምግቡ ቀረበ፣ ብርዙ ከትልቅ ሰው ይጀመር ተብሎ ለጎረቤታችን ለሐጂ ተቀዳ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኛን እንደ ልጆቻቸው ያዩ ሰው ናቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ተጎነጩ። አልዋጡትም። ብርጭቆውን ለአፍታ አዩት፣ ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። ሲተፉ ሰማሁ። አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተመለሱ፣ አጠገቤ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይሄስ ጠጅ ሆኗል» አሉኝ። ያውም በሹክሹክታ፣ እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀመስኩት። ምላስ ይነክሳል። ከዚያ ወንድሞቼ ከእያንዳንዱ ሰው እጅ ብርጭቆ ሲቀበሉ፣ አንዳንዱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሲያያቸው፣ አንዷ አክስታችን «ጠጥቼ ነበር እኮ» ስትል... ይቅር፣ አልጨርሰውም።

ጠጁም ቢሆን ያው ነው። ክዳኑ ሲላላ ፍስስስ ብሎ አሳላፊውን አረፋ በአረፋ አደረገው። ቢጫነቱ ከቢጫም ያለፈ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጣፍጥ፣ ከዚያ ባዶ። የማር ሽታ የሚባል ነገር የለውም። ወግ ያለው ጠጅ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይ በአራት እጅ ውሃ ነው። ይሄኛው ማር በሩቁ ነው ያየው። ጥር ሲገባ ድግሱ እንደሚበዛ፣ ማሩ እንደሚወደድ፣ ስኳሩም ወደ ጋኑ እንደሚገባ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

እዚያው ጓሮ ቆሜ ደወልኩላት። «ያቀመሱኝ ሌላ፣ የጫኑልኝ ሌላ» ስላት ሳቀች። ሳቀች! «አንተ ልጅ፣ ያቀመስኩህ የከረመው ነው። የከረመ ጠጅ ለድግስ ይወጣል እንዴ? ለድግስ የሚወጣው የድግስ ጠጅ ነው» አለችኝ፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ ረጋ ብላ። ብርዙንስ? «ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ እኔ ምን ላድርግህ፣ ፀሐይዋን እኔ አላወጣኋት።» ከኋላዋ የምትቀዳላት ልጅ ስትንከተከት ይሰማኛል። «ደግሞ ጠጅ የማታውቅ ከሆነ ቢራ ማዘዝ ነበረብህ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሙቀቱን ያነሳችው አውቃ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ጠጅ ቆላ ላይ በአምስት ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ2000 በታች። ሳይደርስ የተቀዳ ጠጅ ደሴ ብርድ ላይ ጸጥ ብሎ ያለቀለት ይመስላል፣ ቁልቁል ወርዶ ሲሞቀው መፍላቱን ይቀጥላል። ስንት ዘመን የጣለች ሴት ይሄ ይጠፋታል? የት እንደሚሄድ ነግሬያታለሁ እኮ። የብርዙ ደግሞ ይባስ። ማታ ጀሪካኑን ሳጥብ የጌሾ ስባሪ አገኘሁበት። ጠጅ የነበረበትን ዕቃ እንኳ በወጉ ሳታጥብ ነው ብርዙን የገለበጠችበት። እርሾው እዚያው ዕቃው ላይ እየጠበቀው፣ ብርዝ እንዴት ብርዝ ሆኖ ያድራል?

ምን እናድርግ ለምትሉ፦ ብርሌውን ትታችሁ ጀሪካናችሁ ከሚሞላበት ጋን አስቀድታችሁ ቅመሱ። መቼ እንደተጣለ፣ ጌሾው መቼ እንደወጣ ጠይቁ። ቀኑን ካድበሰበሱ ተነስታችሁ ውጡ። ወደ ቆላ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ግጥም አታድርጉት። ብርዝ ግን ከማንም አትግዙ፣ ማሩን ገዝታችሁ በንጹህ ዕቃ እቤታችሁ በርዙት።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ እሷ ናት። ይቅርታ ልትል መስሎኝ አነሳሁት። «ጀሪካኖቼን መቼ ነው የምታመጣልኝ?» አለችኝ።