ክብ መሳይ ክብ እየተሸጠ ነው፤ ፋይሉን ሳትፈትሹ አትክፈሉ

የወረቀት ወይም የፒዲኤፍ ንድፍ ወደ ኦቶካድ (በኮምፒውተር ቴክኒካዊ ንድፍ መሳያ ፕሮግራም) ፋይል እንቀይራለን ለሚሉ ርካሽ አገልግሎቶች ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከፍዬ የተረከብኩት ፋይል ሲከፈት እንከን የሚወጣለት አይመስልም ነበር። በንድፉ ላይ ካሉት ክብ ቀዳዳዎች አንዱን ስነካው ግን የተመረጠችው አንዲት ቁራጭ መስመር ብቻ ናት። ክብ የተባለው ሁሉ ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠመ የአጫጭር ቀጥተኛ መስመሮች ድርድር ነው፤ ማዕከል የለው፣ ሬዲየስ የለው። ሻጩን ብጠይቀው «በዓይን አይለይም» ብሎ መለሰልኝ።

ማሽን ግን በዓይን አይሠራም! እውነተኛ ክብ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገበው በማዕከሉና በሬዲየሱ ነው፤ ቅስት ሲሆን የመነሻና የመድረሻ ማዕዘን ይጨመርበታል። ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነን ክብ 36 ቦታ ቆራርጣችሁ ጫፎቹን ክቡ ላይ ብታሳርፉ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ 0.19 ሚሊሜትር ይገባል። በሁለቱም ወገን ሲታሰብ ቀዳዳው 0.38 ሚሊሜትር ጠበበ ማለት ነው። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ከሆነ ብረቱ ተበላሸ። ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ) ማሽንም እውነተኛውን ቅስት በጂ02 ወይም በጂ03 ትዕዛዝ አዙሮ ይቆርጠዋል፤ ቁርጥራጩን ግን በጂ01 ቀጥ ቀጥ እያለ ስለሚከተል ጠርዙ ላይ ማዕዘን ይተዋል።

በስክሪን ላይ በሚታየው ብቻ አትፍረዱ። ኦቶካድ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን ክብ ማዕዘናም አድርጎ ያሳያል፤ ምስሉን እንደገና የሚያሳየው «ሪጄን» የተባለው ትዕዛዝ ሲሰጠው ይስተካከላል። በዚህ ምክንያት ንጹሕ ሠራተኛን መወንጀል ግፍ ነው። አስተማማኙ መንገድ ክቡን መርጦ «ሊስት» የሚለውን ትዕዛዝ መስጠት ነው። «ሰርክል» ወይም «አርክ» ብሎ ማዕከሉንና ሬዲየሱን ከዘረዘረ ደህና ነው። «ላይን» ካለ ተታላችኋል። «ፖሊላይን» ካለ ግን አትቸኩሉ፤ ፖሊላይን ማለት እንደ አንድ የሚቆጠር የተያያዘ መስመር ሲሆን እውነተኛ ቅስትም ሊይዝ ስለሚችል ሬዲየስ መጻፉን ተመልከቱ። ስፋቱም ያጋልጠዋል፦ ከላይ የጠቀስኩት ክብ 7,853.98 ካሬ ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፣ የ36 ቁራጩ 7,814.2 ገደማ ብቻ ይሆናል።

ሻጩ የሚልክላችሁን የስክሪን ፎቶ እንደ ናሙና አትቀበሉ። ቀዳዳና የተጠጋጋ ጥግ ያለበትን የንድፉን ክፍል ራሱን በፋይል ጠይቁ፤ በስምምነቱም ላይ ክቦቹና ቅስቶቹ እውነተኛ እንዲሆኑ አስጽፉ። «በኋላ ታስተካክሉታላችሁ» የሚል ማባበያም አለ። በእርግጥ ሦስት ጫፎችን ይዞ በሦስት ነጥብ አዲስ ክብ መሳልና ቁርጥራጩን ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን ንድፉ በቀዳዳ የተሞላ ከሆነ፣ ለሌላ ሰው የከፈላችሁበትን ሥራ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ እንደ አዲስ ትሠሩታላችሁ።