ቫዝሊን፣ ቻፕስቲክ፣ ሺያ ወይስ ሰም? ለደረቀ ከንፈር ሁሉንም ሞክሬ የደረስኩበት

ጥቅምት በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። ቢሮ ውስጥ አንዷ ከንፈሯን በጣቷ እየነካካች ወደ ጠረጴዛዬ ትጠጋና «አንቺ የምትቀቢው ምንድን ነው?» ትለኛለች። ዘንድሮ ብቻ አምስት ሰው ጠይቆኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መልሱን ከፊት ልናገር። ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ከፋርማሲ የተገዛ ተራ ቫዝሊን። ለዕለት ተዕለት ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም። ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ግን ሌላ ነገር እላለሁ፤ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

እዚህ የደረስኩት ብዙ ብር ካወጣሁ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኅዳር ላይ የታችኛው ከንፈሬ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። ትንሽ መስመር ናት። ግን ስስቅ ትከፈታለች፤ ሽሮ ስበላ በርበሬው ሲነካት ዓይኔ እንባ ያቀራል። አንድ ጠዋት ሻይ ጠጥቼ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ጠርዙ ላይ የደም ነጥብ አየሁ። የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ከተዘረጋ ዕቃ ላይ አንድ ሊፕ ባልም (የከንፈር ቅባት) ገዛሁ። ላዩ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ስም አለበት። ዋጋው 150 ብር። ሱቅ ውስጥ በ600 ሲሸጥ አይቼዋለሁ። ልዩነቱ ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ ደስ አለኝ።

ሽታው የልጆች ማስቲካ ነው። በሦስተኛው ቀን የከንፈሬ ዙሪያ ቀላ፣ አበጠ፣ ማሳከክ ጀመረ። ያኔ ነው ዕቃውን መስኮት ጋ ወስጄ በደንብ ያየሁት። የስሙ አንድ ፊደል ተሳስቷል። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን በአውራ ጣቴ ሳሸው ለቀቀ። ከታች ሳሽከረክረው ሰሙ ቀስ ብሎ እንደመውጣት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ጭኔ ላይ ወደቀ።

ሰፈራችን ያለችው ፋርማሲስት አየችኝና «የኔ እህት፣ ያለሽን ሁሉ ጣይው። ለሁለት ሳምንት ከቫዝሊን ሌላ ምንም እንዳታስነኪው» አለችኝ። 50 ሚሊ ሊትሩን ሰጠችኝ፤ 240 ብር ከፈልኩ። ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ ማታ ልተኛ ስል ተቀባሁ። በዘጠነኛው ቀን ስንጥቋ ገጠመች።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። የከንፈር ቆዳ ከፊታችን ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ የላብ ዕጢም የለውም። ስለዚህ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል። ቫዝሊን ከራሱ እርጥበት አይሰጥም። ሥራው መክደን ነው፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ፊቴን ታጥቤ ከንፈሬ ገና እርጥብ እያለ የምቀባው። ደርቆ ከቆየ ከንፈር ላይ ሲቀባና እርጥብ ላይ ሲቀባ ልዩነቱ በአንድ ሌሊት ይታያል። ምላስ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ምራቅ ለደቂቃ ያረጥባል፤ ሲተን ከንፈሩን ከበፊቱ የባሰ አድርቆ ይሄዳል። ከንፈሩን የሚልስ ሰው የፈለገውን ቢቀባ አይድንም።

አሁን ወደ ዋጋ። እኔ ዕቃ ሳወዳድር በግራም ከፋፍዬ ነው የማየው። ከዚህ በታች የምጠራው ሁሉ ዘንድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ራሴ የከፈልኩት ወይም የተጠራልኝ ነው። ሰፈር ይለያያል፣ ብሩ ገበያው እንዲወስነው ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህም ዋጋው አይረጋም። ልዩነቱ ግን ያው ነው።

ባለ ስቲኩ፣ ማለትም ቻፕስቲክ የምንለው፣ አብዛኛው የሚይዘው ከ4 እስከ 4.8 ግራም ብቻ ነው። ባለ 4.8 ግራሙን ኦሪጅናል በ620 ብር ገዛሁ። ለአንድ ግራም 129 ብር ገደማ ማለት ነው። ቫዝሊን ራሱ ለከንፈር ብሎ የሚያወጣት 20 ግራም የምትይዝ ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በ560 ብር ወሰድኳት። በግራም 28 ብር። ትልቁ የ100 ሚሊ ሊትር ቫዝሊን ደግሞ 390 ብር ነው። ቫዝሊን ከውሃ ስለሚቀል 100 ሚሊ ሊትሩ 100 ግራም አይሞላም። ያም ሆኖ በግራም 5 ብር አይደርስም። ከስቲኩ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ከ25 እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ ብር የሚያስከፍለው የተለየ መድኃኒት ቢኖረው ምንም አልልም። ግን የስቲኮቹን ጀርባ አንብቡ። ቻፕስቲክ የሚባለው የአሜሪካው ምርት፣ ስሙን ለሁሉም የሰጠው እሱ ነው፣ የመደበኛው ዓይነት ዋና መሥሪያ ነጭ ፔትሮላተም ነው። ፔትሮላተም ማለት ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል ኬሚስት በ1859 ፔንሲልቫኒያ ነዳጅ ማውጫ ሄዶ ሠራተኞቹ ቁስላቸውን የሚቀቡት ከቱቦ ላይ የሚፋቅ ቅባት አየ፤ እሱን አጣርቶ በ1872 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ዛሬም ማሰሮው ላይ የሚጻፈው ያው አንድ ነገር ነው። እኔ የምገዛውም ዝርዝሩ ላይ ከፔትሮላተም ሌላ ምንም የሌለበትን ነው። ለሕፃናት ተብሎ ሽቶ የገባበት አለ፤ ለከንፈር እሱን ተዉት።

ስቲኩ ጥቅም የለውም አልልም። ጣት አያስነካም። ታክሲ ውስጥ ብር ቆጥሮ፣ ብረት ይዞ በዋለ እጅ ቫዝሊን ማሰሮ ውስጥ ጣት መክተት ልክ አይደለም። እኔ ለዚህ ባዶ የክሬም ብልቃጥ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ አፍልቼ አጥቤ ቫዝሊን ሞላሁባት። ቤት በንጹህ ማንኪያ ነው የምሞላው፣ ውጭ ስሆን በትንሿ ጣቴ ጫፍ እወስዳለሁ። ስቲክ ያላችሁም ሰሙ አለቀ ብላችሁ እንዳትጥሉት። መጨረሻው ላይ ከጉድጓዱ የማይወጣ አለ። በክብሪት እንጨት ቆፍራችሁ አውጡት፤ እኔ ከአንዱ ለአስር ቀን የሚበቃኝ አውጥቻለሁ። በ129 ብር ሂሳብ ያ ትንሽ አይደለም።

ስለሚያቀዘቅዘው ዓይነት ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ሲቀቡት ብርድ ብርድ የሚል፣ ትንሽ የሚለበልብ፣ ሜንቶልና ካምፎር ያለበት። ብዙ ሰው «ሲሠራ ይታወቀኛል» ይላል። እኔም እንደዚያ እያልኩ አንድ ክረምት ሙሉ ተጠቅሜዋለሁ። በሰዓት ሁለት ጊዜ እቀባ ነበር፤ ከንፈሬ ግን ይላላጣል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ለተሰነጠቀ ከንፈር ተዉ ከሚላቸው ውስጥ ካምፎር፣ ሜንቶል፣ ባሕር ዛፍ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሽቶና የጣዕም ማጣፈጫ አሉበት። የሚለበልብ ከሆነ ከንፈራችሁን እያስቆጣ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲልክላችሁ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ሲሰጣችሁ ጀርባውን ሳታነቡ አትቀቡ። ስጦታ ስለሆነ ብቻ ከንፈራችሁ ዋጋ መክፈል የለበትም።

ሺያ ቅቤን፣ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅባት፣ እወደዋለሁ። ዛፉ ጋምቤላ ውስጥ ይበቅላል፤ የአገራችን ዕቃ ሲሆን ደስ ይላል። ሐኪሞቹም ለከንፈር ከሚፈቅዷቸው ውስጥ ነው። 100 ግራሙን በ450 ገዛሁ፣ በግራም 4.50 ብር። በዋጋ ከቫዝሊን ጋር ይፎካከራል። ለስላሳነቱም ይበልጣል። ችግሩ ሌላ ነው። ሰውነታችን ሙቀት አካባቢ ላይ ይቀልጣል፤ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቀትር ቀልጦ የመታወቂያዬን ፕላስቲክ አጥግቦት አገኘሁ። ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ደግሞ አሸዋ አሸዋ ይላል። አልተበላሸም፤ ከንፈር ላይ ግን ይጎረብጣል። ይህን ማስተካከል ይቻላል። በሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ በሙሉ አቅልጡትና ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ አርጉት፤ ይለሰልሳል። ቤት ለሚቀመጥ ጥሩ ነው። ለቦርሳ አይሆንም።

ሰም ላይ ሁለት ወር አባክኛለሁ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የሰም አምራች ናት፤ ታዲያ ለምን የውጭ ዕቃ እገዛለሁ አልኩና መርካቶ ሄጄ አንድ ቁራጭ ገዛሁ። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ የወይራ ዘይት አድርጌ አቀለጥኩ። የረጋው ነገር እንደ ጧፍ ይፈረካከሳል፣ ከንፈር ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይተዋል። ጠጅ የሚጥሉ ጎረቤታችን እትዬ፣ ሰፈፍ ሲያጣሩ የኖሩ ናቸው፣ ቁራጩን በጥፍራቸው ጫሩና አሸተቱት። «ይሄማ ፓራፊን ገብቶበታል፣ ልጄ» አሉኝ፤ ከነዳጅ የሚወጣውን የሻማ ሰም ማለታቸው ነው። ከዚያ አሳዩኝ። ንጹሕ ሰም በእጅ ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ማር ማር ይሸታል። ፓራፊን የበዛበት ይሰባበራል፣ ያንሸራትታል፣ ሽታ የለውም። ከእሳቸው በወሰድኩት ሰም የሠራሁት ባልም ግን ግሩም ነበር። ሰም ለመቅለጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ቦርሳ ውስጥ አይፈስም። ዘይቱ ግን በአራተኛው ወር ሸተተ። ሰም የምታምኑት ሰው ካላችሁ ሥሩት፤ በትንሽ በትንሹ ብቻ። ተሠርቶ የሚሸጠውን 15 ግራም በ320 ብር አይቻለሁ። በግራም 21 ብር ከምናምን ነው።

እማዬ እስከ ዛሬ ለጋ ቅቤ ናት። ከፀጉሯ ተርፎ ከንፈሯ ላይ ታሳርፈዋለች። ያለሰልሳል፣ አልክድም። ግን ሽታውን ይዤ ቢሮ መግባት አልችልም። በፆም ደግሞ እሷ ራሷ ከንፈሯ አታደርሰውም። የፆሙን ቀን ስንቆጥር የዓመቱን ብዙ ክፍል ያለ ቅባት መዋል ይሆናል።

አሁን ስለ ፀሐይ። ቫዝሊን ፀሐይ አይከላከልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥላ ውስጥ ለሚውል ሰው ቫዝሊን ይበቃዋል። ለትራፊክ ፖሊስ፣ ለሎተሪ አዟሪ፣ ጠዋት እንጦጦ ለሚሮጥ፣ እርሻ ላይ ለሚውል ግን ኤስ.ፒ.ኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠን) 30 እና ከዚያ በላይ ያለው ባልም ያስፈልጋል፤ በየሁለት ሰዓቱም ይደገማል። አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም እጥረት) ላለባቸው ወገኖቻችን ይህ ቅንጦት አይደለም። የታችኛው ከንፈር ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፣ የካንሰር አደጋውም እውነተኛ ነው። ዘመድ ከውጭ «ምን ላምጣላችሁ?» ካላችሁና ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሽቶና ጫማውን ትታችሁ ይህን ጠይቁ። እዚህ ስታገኙት ውድ ነው፤ እኔ 950 ብር ተብያለሁ። ለእነሱ ግን ዋጋ አልከራከርም። ቀን እሱን፣ ማታ ቫዝሊን።

ቫዝሊንም ኮፒ አለው፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እቆጫለሁ። ስሙ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ ማሰሮው ቁርጥ ኦሪጅናሉን የሚመስል አለ። ባዶውን ኦሪጅናል ማሰሮ ሰብስበው ሌላ ነገር የሚሞሉበትም አለ። እኔ ሱቁ ውስጥ ከፍቼ አያለሁ፤ አላስከፍትም ካለ አልገዛም። ያልተነካ ቫዝሊን ላዩ ለስላሳ ነው። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ የተለቀለቀ ካየሁ እመልሳለሁ። ከዚያ አሸተዋለሁ። ንጹሑ ምንም አይሸትም። ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ካለኝ፣ ወይም ሽቶ ካለበት፣ በነጻም ቢሰጡኝ ከንፈሬ ላይ አላደርገውም። ጣት ላይ ሲታሽም እንደ ዘይት ውሃ ሆኖ መፍሰስ የለበትም። ከመንገድ ዳር የ60 ብር ቅናሽ ፈልጌ አልገዛም፤ ያ 150 ብር በኋላ ስንት እንዳስወጣኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። የአፋችሁ ጥግ ላይ ብቻ የሚሰነጠቅ ከሆነ በቅባት አትድከሙ። ፈንገስ ወይም የብረት ማዕድንና የቢ ቫይታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስልም ሐኪም ይየው።

390 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሚከብዳችሁ፣ እኛ ቢሮ እንዲህ አደረግን። ጥቅምት ላይ ሦስት ሆነን አንድ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ገዛን፤ ለያንዳንዳችን 130 ብር ደረሰን። ገና ሳይነካ በንጹህ ማንኪያ ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ ላይ አካፈልኩት። አሁን የካቲት ነው። የእኔ ከግማሽ በላይ አለ።