ደብረ ማርቆስ ላይ «ሙሉ ተከታታይ ፊልም አለበት» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ እንዳትገዙ

ከአማኑኤል፣ ከደምበጫ፣ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጡ ፊልም በፍላሽ የምትገዙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ባለፈው ወር «ፎይልስ ዎር» የተባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ የወንጀል ምርመራ ፊልም ገዛሁ። ሻጩ 28ቱም ክፍል ተሟልቷል፣ የአማርኛ ትርጉምም አለው ብሎ 1,200 ብር ተቀበለኝ። የደረሰኝ ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ የአማርኛ ትርጉም የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም።

ትርጉም እንደሌለው እንዳወቅሁ ፍላሹን መመለስ ነበረብኝ። ፊልሙ ግን ያዘኝ። ታሪኩ የሚጀምረው በግንቦት 1932 ዓ.ም. ሄስቲንግስ በምትባል በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ፎይል የተባለው የፖሊስ መርማሪ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዲያሠሩት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም፤ ረዳቱ በኖርዌይ ዘመቻ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አዝግሞብኝ ነበር። በኋላ ግን ፎይል ድምፁን ሳያነሣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል፣ ውሸታሙ ዝምታውን መቋቋም አቅቶት በገዛ አፉ ሲጠላለፍ ሳይ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ መንቀል አልቻልኩም። ስለዚህ ንግግሩን እያቆምኩ ለአባቴ እተረጉምላቸው ጀመር። ፊልሙን የገዛሁትም ለእሳቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ቤት ውለው ቤት ነው የሚያመሹት።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ማወጇ ይሰማል። ቀኑ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለጎጃሞች ያቺ ቀን ትልቅ ቀን ናት፤ እንግሊዝ አርበኞቻችንን በግልጽ መርዳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም አድርገው የተመለሱት። በፊልሙ ውስጥ ግን የከተማዋ ሰዎች በቁጣ ተነሥተው፣ በመካከላቸው የኖረውን ጣሊያናዊ ባለ ምግብ ቤት ቤቱን ያቃጥሉበታል። አያቴ አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። የእሳቸው ልጅ አባቴ ይህን ሲያዩ «ልጄ፣ ይህ ምስኪን ምን አደረጋቸው?» ብለው አዘኑ። ያን ማታ ስለ አያቴ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወቱኝ፤ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ።

በማግስቱ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ አራተኛውን ክፍል ከፈትን። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ ቀጥ አለ። ገዳዩ ገና አልታወቀም። አምስተኛውን ሞከርኩ፣ ስድስተኛውን ሞከርኩ፣ እስከ 28ኛው ድረስ አንዱም አይከፈትም። የሁሉም ስም ተጽፏል፣ መጠናቸውም ተጽፏል፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግን የሰፈራችን ልጅ ፍላሹን መርምሮ ነገሩን ገለጠልኝ። እውነተኛ አቅሙ 8 ጊጋባይት ነው። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩን «64 ነኝ» እያለ እንዲዋሸው ተደርጎ ተስተካክሏል። ከአቅሙ በላይ ስትጭኑበት እምቢ አይልም፤ የፋይሉን ስም ይመዘግባል፣ ይዘቱን ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ሦስቱ ሙሉ ሆነው አራተኛው መንገድ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ፍላሽ ፊልም ብቻ አይደለም የሚበላው፤ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ብታስቀምጡበት ሳታውቁት ይጠፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሹን ከሻጩ ኮምፒውተር አስነቅላችሁ እንደገና አሰኩ። ሳይነቀል ከከፈታችሁት ኮምፒውተሩ ገና ከራሱ ማኅደረ ትውስታ ሊያሳያችሁ ይችላል። የመጀመሪያውን ክፍል ተዉት፤ የመጨረሻውን ክፈቱና መሃሉንም መጨረሻውንም ተመልከቱ። ባዶ ፍላሽ የገዛችሁ ደግሞ «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም አስፈትሹ፤ ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ አቅሙን ያወጣል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይታገሡት።

ወደ ሱቁ ስመለስ ሻጩ «መምህር፣ የእርስዎ ቴሌቪዥን ነው የማያነበው» አለኝ። በራሱ ኮምፒውተር ክፈተው ስለው «ደረሰኝ አለዎት?» አለ። ሲሸጥልኝ ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ደረሰኝ መስጠት ግን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጣለበት ግዴታ ነው። ፊልሙ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ የተቀዳ መሆኑም ሻጩን ልበ ሙሉ ያደርገዋል፤ ገዢው አፍሮ ዝም ይላል ብሎ ያስባል። እኔ ዝም አልልም። ፍላሹን ከነማሸጊያው አስቀምጫለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገባለሁ። እንደ እኔ የገዛችሁ ካላችሁ የእናንተንም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንግባ።