ሦስት በአንድ የሆነው የግቢ ማብሰያ፦ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ በጣና ዳር

ይህን ዕቃ ለመግዛት ለምታስቡ ፍርዴን ከላይ ላስቀምጥ። በጭስ ለማብሰል ወደር የለውም። ፍርግርጉ ላይ ሥጋ ለመጥበስም ጥሩ ነው። በዘይት ለመጥበስ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ሻጩ ሦስቱንም እኩል አድርጎ ነው የሚያወራላችሁ። ባሕር ዳር ላይ በጋውንም የክረምቱንም መግቢያ አብሮኝ ስላሳለፈ፣ እኩል እንዳልሆኑ አይቻለሁ።

ዕቃው ወገብ የሚደርስ ክብ በርሜል ነው። ከታች የከሰል ሳህን፣ ከሱ በላይ የውኃ ሳህን፣ ከዚያ ሁለት ፍርግርግ፣ ከላይ ቴርሞሜትር ያለው ክዳን አለው። በርሜሉ ሲነሳ ከሥሩ ያለው የጋዝ ምድጃ ይቀራል፤ የዘይቱ ድስት የሚጣደው እዚያ ላይ ነው።

ከጭሱ ልጀምር። የጣና አምባዛ ዓሣ እንደዚህ ሲጣፍጥ አላየሁም። አምባዛ ስብ ስላለው ረዘም ላለ ሰዓት ቢቆይም አይደርቅም። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነሱ ቆሮሶ አለ። ቆሮሶ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉበት ነው የሚበስለው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። በ1 ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጬ የተበለተውን ዓሣ ለአንድ ሰዓት ያህል እነክረዋለሁ። ከዚያ አጠንፍፌ፣ በሻሽ ሸፍኜ፣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቆይቶ ላዩ ያብረቀርቃል፤ ሲነኩት ጣት ላይ ለጠፍ ይላል። ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉ። እርጥብ ዓሣ ላይ ያረፈ ጭስ ያጠቁረዋል፣ ይመራልም። ለጠፍ ያለው ላይ ሲያርፍ ግን መልኩ ቀስ እያለ ወደ ወርቅማ ቡኒ ይሄዳል።

ለጭሱ የወይራ ቁራጭ እጠቀማለሁ። ብርቱ ስለሆነ ጥቂት ይበቃል። ሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤታችን እትዬ «ልጄ፣ ለጠላ ጋን እያጠናችሁ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ለስለስ ያለ ለሚፈልግ የደረቀ የማንጎ እንጨት አለ። ባሕር ዛፍና ጽድ አታስገቡ፤ ምግቡን መራራ ያደርጉታል።

ሙቀቱን ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ማቆየት ነው ዋናው ሥራ። የውኃው ሳህን የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ እሳቱን ከምግቡ ይከልለዋል፣ ሙቀቱን ያረጋዋል። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ደጋግማችሁ እዩት፤ ውኃው ካለቀ ሙቀቱ ወዲያው ያሻቅባል። የክዳኑን ቴርሞሜትር ደግሞ አላምነውም። ምግቡ አጠገብ ያለው ሙቀትና እሱ የሚያሳየው በጣም ይለያያሉ። ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ፤ ዓሣ መሃሉ 63፣ ዶሮ 74 ሲደርስ በስሏል።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ ከሰሉን ያራግበዋል፤ ጠዋት ፀጥ ብሎ የነበረው እሳት ይነሳል። ቀዳዳውን ከነፋሱ አዙሬ ግማሹን ስዘጋው ይረጋል።

ፍርግርጉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የውኃውን ሳህን አውጥቶ ከሰሉን ወደ ላይ ማቅረብ ነው። የበግ ጎድን በጥብስ ቅጠል አሪፍ ይወጣል። ስፋቱ ግን ለአንድ ቤተሰብ እንጂ ለድግስ አይሆንም።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ ነው ቅሬታዬ። አብሮት የመጣው ሬጉሌተር እዚህ ከምንጠቀምበት ሲሊንደር አፍ ጋር አይገጥምም። ሌላ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ነበልባሉ ደከም አለ። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ግማሹን ለመሙላት እንኳ ብዙ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። በዛሬ የዘይት ዋጋ ይህን ማን ይችላል? ጎኑ የተሰነጠቀ ሙሉ ቆሮሶ ከሎሚና ከዳጣ ጋር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ መጥበሻ በትንሽ ዘይት ይበልጠዋል። በዚሁ ድስት ለመጥበስ ለቆረጠ ዘይቱን 165 ዲግሪ አካባቢ ያድርገው። በከፍታ ቦታ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ቶሎ ይቀላል። ዓሣው ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ ዘይቱ ከተቀጣጠለ ደግሞ ውኃ ፈጽሞ አይደፋበትም። ጋዙን ዘግቶ መክደን ነው።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ዝገት ታይቷል፣ በተለይ የከሰሉ ሳህን ጠርዝ ላይ። አመድ እርጥበት ይይዝና ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ በነጋታው አመዱን አወጣለሁ፣ ፍርግርጉን ዘይት በነካ ጨርቅ አሻለሁ፣ በሸራ እሸፍናለሁ። ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ወደ ቤት ማስገባት ግን አይታሰብ፤ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል። እኔ ጎኖቹ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው የማቆመው።

መለዋወጫ አላገኘሁለትም። አንደኛው ፍርግርግ ሲጣመም ሰፈራችን ያለ በያጅ በልኩ ሠራልኝ፤ ከፋብሪካው ይልቅ ወፍራምና ጠንካራ ነው። እናንተም ስታሠሩ ዚንክ የተለበጠ ብረት እንዳይሆን አስረግጣችሁ ንገሩት፤ በኃይል ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል።