ርካሹ ኔትወርክ ወይስ ትልቁ?

አሜሪካ የሚኖር ሰው ስልክ ሲያወጣ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ እንደ ቬራይዘን፣ ኤቲኤንድቲና ቲ-ሞባይል ያሉት ትልልቆቹ፣ ወይ እንደ ሚንት፣ ቪዝብልና ክሪኬት ያሉት ርካሾቹ።

ብዙ ሰው ርካሹን የሚሸሸው ኔትወርኩ ደካማ ስለሚመስለው ነው። ሲግናሉን የሚሰጠው ማማ ግን ያው የትልልቆቹ ነው። ሚንት በቲ-ሞባይል፣ ቪዝብል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲኤንድቲ ላይ ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ የሚታየው ሰው ሲበዛ ነው። ማማው ሲጨናነቅ ቅድሚያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የውዱ ፓኬጅ ደንበኛ ነው። በየዓመቱ በጁላይ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ስታዲየሙ ጢም ሲል፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፎቶ አልሄድ ሊል ይችላል። በአዘቦት ቀን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርዳታው ነው። ሚንትና ቪዝብል ችግራችሁን የሚሰሙት በዋናነት በስልክ ወይም በቻት ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችን ይሄ ትልቅ ፈተና ነው። ትልልቆቹ ሱቅ አላቸው፤ ስልኩን ይዞ መግባት ይቻላል።

ስልኩ በወር ክፍያ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ የሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይቀበል ተቆልፎ ይቆያል። በሌላ ኩባንያ ማማ ወደሚሠራ ርካሽ ለመዞርም ሆነ አዲስ አበባ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ለመክተት መጀመሪያ ማስከፈት ግድ ነው።

ብቻውን ለሚኖርና ስልኩን ገዝቶ ለጨረሰ ሰው ርካሹን እመክራለሁ። ሚንት ቢያንስ የ3 ወር ሒሳብ በቅድሚያ ስለሚቀበል ብሩን ማዘጋጀት ነው። አራት አምስት መስመር ላለው ቤተሰብ ግን ትልልቆቹም በመስመር ስለሚቀንሱ፣ ሁለቱንም አስልቶ ማየት ይሻላል።